ስለ ኑዛዜ፥ ስለ ውርስና ስለ ፍቺ፤ በጂንካና በደቡብ ኦሞ

ሰው ሀብት የሚያፈራው በብዙ ዓመት ድካም ነው፤ ሀብቱ የሚበተነው ግን በሁለት ቀን ነው። አንደኛው ቀን ባልና ሚስት የሚለያዩበት፥ ሁለተኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ የሚሞትበት ነው። ለነዚህ ለሁለቱ ቀናት አስቀድሞ የተሰናዳ ቤተሰብ ኀዘኑን በሰላም ያሳልፋል፤ ያልተሰናዳው ግን በኀዘን ላይ ሙግት፥ በሙግት ላይ ጠብ፥ በጠብም ላይ ድህነት ይጨመርበታል። ስለዚህ የአንድ አገር ሕግና ልማድ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ የሚወድ ሰው ወደ መበለቲቱ ቤት ገብቶ መመልከት ይገባዋል።

ዛሬ ይህን ነገር የምናነሣው በጂንካና በዙሪያዋ ስላሉት ቤተሰቦች ነው። ጂንካ በአሪ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች፥ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆመው ገበያዋ ከደጋ የሚወርደው አሪ ከቈላ ከሚወጣው ሐመር፥ በና፥ ጸማይና ሙርሲ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በገበያይቱ ቡናና ኮረሪማ፥ ማርና ፍየል እንደሚገናኙ ሁሉ፥ በከተማይቱ ደግሞ ሁለት ዐይነት ሀብት ይገናኛል። አንዱ በእግሩ የሚሄደው የከብት ሀብት ነው፤ ሁለተኛው በወረቀት የሚጻፈው የቤት፥ የመሬት ይዞታ፥ የደመወዝና የባንክ ሀብት ነው። የምንለውም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የሀብቱ ዐይነት ተለውጦ ሳለ ሀብቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት መንገድ ገና አልተለወጠም፤ በዚህ መካከል ከተከፈተው ስንጥቅ የሚወጣው ጕዳትም ከሁሉ አስቀድሞ በሚስትና በሕፃናት ላይ ይወድቃል።

የጥንቱን ልማድ ሳያውቁ የሚነቅፉት ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ አስቀድመን ለልማዱ የሚገባውን ፍርድ እንስጠው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ከብት የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው መተሳሰሪያ ነው። የሙርሲን ሕዝብ ኑሮ ለብዙ ዘመን ያጠናው እንግሊዛዊው ሊቅ ዴቪድ ተርተን እንደ ጻፈው፥ በሙርሲ ዘንድ ለአንዲት ሙሽራ ሊከፈል የሚገባው ማጫ 38 ከብት ነው፤ ይህም ከብት በአባቷ በረት ብቻ አይቀርም፤ በአባቷና በእናቷ ወገን ላሉት ለብዙ ዘመዶቿ ይከፋፈላል። በሐመርም ማጫ በአንድ ቀን ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት እየተጠየቀ እየተከፈለ ይኖራል። እንግዲህ አንድ ጋብቻ የሚያስተሳስረው ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰፊ ወገኖችን መሆኑ ግልጥ ነው።

ባል በሞተም ጊዜ ልማዱ ዝም አይልም። በሐመርም ሆነ በሙርሲ ዘንድ መበለቲቱና ልጆቿ ከሟች ወገን አይለዩም፤ የሟች ወንድም ቤቱን ይጠብቃል፥ ልጆቹንም ያሳድጋል፤ ከብቱ ወደ ወንዶች ልጆች ይሄዳል፥ በመካከላቸውም የበኵሩ ልጅ ስፍራ የከበረ ነው። በዚህ ሥርዓት ሴቲቱ የሀብቱ ባለቤት አልነበረችም፤ ይህ ትልቅ ጕድለት ነው። ነገር ግን ላሚቱን የምታልበው፥ ማሽላውን የምትዘራውና ልጆቹን የምታበላው እርሷ ስለ ሆነች፥ ያለ ምግብ ተጥላ የምትቀርበት መንገድ ጠባብ ነበር። ከዚህም በላይ ከብት በአደባባይ የሚታይ ሀብት ነው። የወንድሙን መንጋ ለብቻው ሊበላ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ ጎረቤት ሁሉ የላሚቱን ቀለም፥ የጆሮዋን ምልክትና የእናቷን ስም ያውቃልና ሊሰውረው አይችልም። የልማዱ ዋና ዘበኛ የሰው ዐይን ነበረ።

የዛሬው ሀብት ግን ከሰው ዐይን የተሰወረ ነው። በ1998 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 የሚበልጥ ሰው በሞተ ጊዜ፥ በወንዝና በመንጋ ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑ ታየ። በ2003 ዓ.ም. የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት ተጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ተመረቀ፤ ከግድቡም ሥራ በኋላ በወንዙ ዳር የነበረው ሕዝብ ማሽላ ይዘራበት የነበረው የየዓመቱ ሙላት እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ። ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣው የአርብቶ አደር ልጅ መምህር፥ ጤና ጠባቂ፥ ጸሐፊ ወይም ሾፌር ሆኖ ደመወዝተኛ ሆነ። ጂንካ ላይ ቈርቈሮ የለበሰ ቤት ሠራ፤ የባንክ ደብተርም አወጣ። በአሪ ምድርም እንሰቱና ቡናው የቆመበት መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ተሰጠው።

ከዚህ አዲስ ሀብት ውስጥ ብዙው በአንድ ሰው ስም የተጻፈ ነው፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው። የባንኩን ደብተር ጎረቤት አያየውም፤ የቤቱን ካርታ በየትኛው ሣጥን እንዳስቀመጠው ሚስቲቱ እንኳ ላታውቅ ትችላለች። የሟች ወንድም ካርታውን ይዞ ቢሰወር፥ የላሚቱን ቀለም የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች ስለ ካርታው የሚመሰክሩት ነገር የላቸውም። ስለዚህ የጥንቱ ልማድ በአዲሱ ሀብት ላይ ሲሠራበት ሥልጣኑ ይቀራል፥ ጥበቃው ግን ይጠፋል፤ ይኸውም የሟች ወገን የመውረስ መብቱን ይዞ የማሳደግ ግዴታውን የሚጥልበት በር ይከፈታል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የአገሪቱ ሕግ ምን እንደሚል እንመልከት። ስለ ውርስ እስከ ዛሬ የሚሠራበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሟች ሳይናዘዝ ቢሞት፥ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ወንድ ከሴት፥ ታላቅ ከታናሽ፥ በጋብቻ የተወለደው ከጋብቻ ውጭ ከተወለደው አይበላለጥም። ይህ ለሴት ልጅ ታላቅ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ንብረት የማፍራት፥ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፥ በውርስም እኩል መሆናቸውን አረጋግጦ ተናግሯል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አንድ ነገር አለ። በዚሁ ሕግ ሚስት የባሏ፥ ባልም የሚስቱ ወራሽ ተብሎ አልተቈጠረም። በሕይወት ያለው ተጋቢ የሚወስደው ከጋራው ሀብት የራሱን እኩሌታ ነው፤ የሟች እኩሌታ ለልጆቹ፥ ልጆች ባይኖሩ ለአባትና ለእናቱ፥ እነርሱም ባይኖሩ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ያልፋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን ያፈሩት ቤትና ገንዘብ በጠቅላላው 800,000 ብር ያወጣል እንበል። ባል ሳይናዘዝ ቢሞት 400,000 ብሩ የሚስቲቱ ነው፤ የቀረው 400,000 ብር አራት ልጆች ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር ይደርሳል። ልጅ ባይወልዱ ግን ይህ 400,000 ብር በሙሉ ወደ ባልየው ወላጆችና ወንድሞች ይሄዳል፤ ሀብቱም ቤት ብቻ ቢሆን መበለቲቱ ቤቷን ሸጣ ለማካፈል ትገደድ ይሆናል። ሃያ ዓመት አብራው የደከመች ሴት በመጨረሻው በገዛ ጣሪያዋ ሥር እንግዳ የምትሆነው እንዲህ ነው። ይህን የሚከለክል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ባልየው በሕይወቱ ሳለ የሚያደርገው ኑዛዜ ነው።

የጋብቻው ማስረጃ ባይኖርማ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት ከጡረታው ለሚስቱ 50 ከመቶ፥ ለእያንዳንዱም አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ 20 ከመቶ እንዲሰጥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ይህን ለመቀበል አስቀድሞ ሚስት መሆንን ማስረዳት ያሻል። በሽማግሌዎች ፊት፥ በማጫና በምርቃት የተደረገ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ጋብቻ ነው፤ ሆኖም በመዝገብ ካልገባ ሚስቲቱ ባሏን በቀበረች ማግሥት ምስክር እየለመነች በፍርድ ቤት ደጅ ትቆማለች። የሚመሰክሩላትም ሰዎች ብዙ ጊዜ ውርሱን የሚሻሙአት የባሏ ዘመዶች ናቸው። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፥ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ተጀምሯል፤ ስለዚህ በሰላሙ ቀን አንድ ጊዜ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መሄድ ከኋላው ሙግት ያድናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቋጠሮ ግን የሁለት ሚስቶች ነገር ነው። በደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ዘንድ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ማግባቱ ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። የአገሪቱ ሕግ ግን በዚህ ላይ ቃሉ አንድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻ መጨመርን ይከለክላል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ650ኛው አንቀጽ ያስቀጣበታል፥ በሚቀጥለው በ651ኛው አንቀጽ ደግሞ በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ወይም የባህል ልማድ በሚፈቅድበት ስፍራ ቅጣቱን ያስቀራል። ስለ ቅጣቱ እንዲህ ተባለ እንጂ፥ ባል በሞተ ጊዜ የሁለቱ ሚስቶች ድርሻ እንዴት እንደሚሆን ከነዚህ አንቀጾች የሚገኝ መልስ የለም።

ነገሩን ለማስረዳት እንዲህ ያለ ቤተሰብ እናስብ። አንድ የሐመር ሰው በወጣትነቱ በአገሩ ልማድ አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ፤ መንጋውም ከዚያው ከመጀመሪያይቱ ሚስቱ ዘንድ ነው። ኋላ በጂንካ ሥራ ይዞ ሁለተኛ አገባ፤ ከእርሷም ሦስት ልጆች ወለደ፥ እርሷ በትንሽ ሱቅ እየነገደች እርሱም ደመወዙን እየጨመረ ቤት ሠሩ፥ ካርታውም በእርሱ ስም ወጣ። ይህ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት አምስቱ ልጆች በሕግ ፊት እኩል ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን የጋራው ሀብት እኩሌታ የሚገባት ሚስት የትኛይቱ ናት? መጀመሪያ የተጋባችው ናት ቢባል፥ በሱቋ ትርፍ ግድግዳውን ያቆመችው ሁለተኛይቱ ሚስትነቷ ተክዶ ባዶ እጅዋን ልትወጣ ነው። ከተማ ያለችው ናት ቢባል፥ መንጋውን በድርቅ ዘመን ያዳነችው የመጀመሪያይቱ ትረሳለች። የከብቱን ነገር ሽማግሌዎች በልማድ፥ የቤቱን ነገር ዳኛ በሕግ ለየብቻቸው ቢፈርዱ ደግሞ አንዱ ሌላውን ስለማያይ ሁለቱም ሚዛን የሳተ ፍርድ ሊፈርዱ ይችላሉ።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ከደቡብ ኦሞ ድንበር ማዶ የቱርካና ሕዝብ የሚኖርባት ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 የውርስ ሕግ አውጥታ፥ ከ1981 ጀምሮ ትሠራበታለች። በዚያ ሕግ ከአንድ በላይ ያገባ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት፥ ንብረቱ በየቤቱ ባሉት ልጆች ቍጥር ይከፈላል፤ በሕይወት ያለችውም ሚስት በየቤቷ እንደ አንድ ተጨማሪ ተካፋይ ትቈጠራለች። አንደኛይቱ አራት ልጆች፥ ሁለተኛይቱ አንድ ልጅ ቢኖራቸው፥ ሀብቱ ሰባት ላይ ተከፍሎ አምስቱ እጅ ለፊተኛይቱ ቤት፥ ሁለቱ እጅ ለኋለኛይቱ ቤት ይሆናል ማለት ነው። ደግሞም ያ ሕግ በቱርካና፥ በማርሳቢትና እነዚህን በመሳሰሉ አውራጃዎች ያለውን የከብትና የእርሻ መሬት ውርስ ለየሕዝቡ ልማድ ትቶታል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ሴቶች ልጆችን ለልማዱ አድልዎ ስለሚጥል ልንቀዳው የሚገባ አይመስለንም፤ የመጀመሪያው ግን ትምህርት አለበት። ጋብቻውን መከልከል አንድ ነገር ነው፥ ከተደረገ በኋላ ሴቲቱንና ልጆቿን ያለ ድርሻ አለማስቀረት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሕግ የመጀመሪያውን እያስተማረ ሁለተኛውንም ማድረግ ይችላል።

ወደ ፍቺው ነገር እንመለስ። በ1952ቱ ሕግ ፍቺን ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ፥ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው፤ ለመፋታት የመጡትንም ተጋቢዎች ዳኛው ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ጂንካ የነበረችበት የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም በ1996 ዓ.ም. በብዙው ይህንኑ የሚመስል የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ያ ክልል ተከፋፍሎ ዛሬ ጂንካ ያለችበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በ2015 ዓ.ም. ነው።

በአርብቶ አደሩ መንደር ግን ጠብ ሲነሣ ወደ ከተማ ወርዶ ለዳኛ አቤት ማለት ሩቅ መንገድ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል፤ በዚያም የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ማጫው ነው። የተከፈለው ከብት ይመለስ የሚባልበት ልማድ ባለበት ስፍራ፥ ሴቲቱ ምንም ያህል ብትበደል የገዛ ወንድሞቿ እንኳ ታርቀሽ ግቢ ይሉአታል፤ በማጫዋ ከብት እነርሱ ሚስት አግብተውበታልና። እንዲህ ያለ እርቅ የሰላም ስም ይሰጠው እንጂ የከብት ሒሳብ ነው።

የቤተሰቡ ሕግ በዚህ ላይ አርብቶ አደሩን በቀጥታ የሚነካ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለው። በሕጉ እያንዳንዱ ተጋቢ ከጋብቻ በፊት የነበረው፥ ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘው ንብረት የግሉ ነው፤ በጋብቻ ዘመን በሁለቱ ድካም የተገኘውና ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ሳይቀር ግን የጋራ ነው፥ በፍቺም ጊዜ እኩል ይካፈላል። እንግዲህ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሳት ላም የራሱ ናት፤ በጋብቻው ዘመን ከእርሷ የተገኘው ፍሬ ግን የሁለቱ ነው የሚለው ክርክር በሕጉ ላይ ጽኑ መሠረት አለው። አሥር ዓመት ጥጃ ያሳደገችና ወተት የናጠች ሴት ስትፈታ ባዶ እጅዋን መውጣት የለባትም። ደግሞም የጋራ የሆነውን ቤት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም፤ ፍቺ እንደ ታሰበ ካርታውን ይዞ ገዢ የሚፈልግ ባል ይህን ማወቅ አለበት፥ ገዢውም እንደዚሁ።

ይህን ስንል ሽማግሌ ይቅር፥ ልማድ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በ34ኛው አንቀጽ ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ተናግሯል። በዚህ ቃል ውስጥ የሁሉ ቍልፍ ፈቃድ የምትለው ናት። በወንድሞቿ ፊት ተቀምጣ እሺ ያለች ሴት ፈቅዳ ነው ወይስ ፈርታ? ይህን መመርመር የሽማግሌውም የዳኛውም ግዴታ ነው። ልማድ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ በሚነሣ አሳብ ይለወጣል። በኦሞ ዳር የሚኖረው የካራ ሕዝብ በ2004 ዓ.ም. ሕፃናትን የሚያስጠፋውን የሚንጊን ልማድ በገዛ ሽማግሌዎቹ ቃል መተዉ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያ የከበደውን ሸክም የጣለ ሕዝብ የመበለትን ድርሻ ለመለየት አያቅተውም።

እንግዲህ ለቤተሰቡ ራሱ በእጁ ያለው መድኀኒት ኑዛዜ ስለ ሆነ፥ ሥርዓቱን በጥቂቱ እንግለጥ። ሕጉ ሦስት ዐይነት ኑዛዜ ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ይህንን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፥ ወዲያውም ሁሉም ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ቢሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። ሁለተኛው ተናዛዡ በሙሉ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጥ ቃል፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያሻዋል፤ በሰባት ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሦስተኛው በቃል የሚደረገው ነው።

በጂንካ ዙሪያ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ይህ ሦስተኛው ነው፤ አባት በአልጋው ላይ ሆኖ ልጆቹንና ወንድሞቹን ሰብስቦ ይናገራል፥ ሰሚዎቹም ቃሉን ይጠብቃሉ። ይህ የተከበረ ልማድ ነው፤ በሕግ ፊት ያለው ኀይል ግን እጅግ ጠባብ ነው። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ለእያንዳንዱ ሰው ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ይጸናል፤ ተናዛዡም ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ቢቈይ ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንዲት ፍየል ዋጋ እንኳ አይሆንም። ቤቴን ለእገሊት ብሎ በቃል ብቻ ተናግሮ የሞተ ሰው በሕግ ፊት ምንም እንዳልተናገረ ይቈጠራል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት እዚህ ላይ እንደ ቃሉ የሚፈጸም ነው።

ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ቢሆን ከመናዘዝ አይከለከልም፤ በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላልና። ነገር ግን የተጻፈው ሁሉ ተናዛዡ በሚገባው ቋንቋ ተተርጕሞ እንዲነበብለት፥ ከምስክሮቹም የሚበዙት ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ እንዲሆኑ መጠንቀቅ ይገባል፤ ያለዚያ ጸሐፊው የራሱን አሳብ በሌላ ሰው አፍ ሊያናግር ይችላል። እንዲሁም እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይናዘዛል እንጂ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ አይጸናም። አባት ልጁን ከውርስ መንቀል ቢፈልግ በግልጥ ተናግሮ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ሴት ልጅ ስለ ሆነች ብቻ ስሟን ዝም ብሎ ማለፍ ድርሻዋን አያጠፋውም። ንብረቱ በሌላ እጅ የተያዘበት ወራሽ ደግሞ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ፥ ቢበዛ ሟች ከሞተ በ15 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ ይታገድበታል፤ ስለዚህ ልጆቹ እስኪያድጉ እንቈይ ማለት አደገኛ ምክር ነው።

ኑዛዜ ሞትን ይጠራል ብለው የሚፈሩ አሉ። ኑዛዜ የሚለው ቃል ከነፍስ አባት ፊት ከመናዘዝ ጋር አንድ መሆኑም ይህን ፍርሃት ያበረታው ይመስለናል። ነገር ግን ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ኑዛዜ የቤቱን ሥርዓት እንደ መጻፍ ነው፤ ሲወድም ሊሽረው ወይም ሊለውጠው ይችላል። ሌሎችም ኑዛዜ ካሳየሁ ልጆቼ ይጣሉብኛል ይላሉ። ለነዚህ የምንመልሰው ልጆች አባታቸው በሕይወት ሳለ በፊቱ ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው እርሱ ራሱ አለ፤ ከሞተ በኋላ ሲጣሉ ግን የሚያስታርቃቸው ያን ያህል የታመነ ሰው አያገኙም ብለን ነው።

የሚሠራው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። በሚስትና በባል ድካም የተሠራ ቤት ካርታው በሁለቱ ስም ይውጣ፤ የገጠር መሬት ይዞታም ከ1997ቱ የመሬት አዋጅ ጀምሮ በሁለቱ ስም እንዲጻፍ የታዘዘ ስለ ሆነ፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ በሥራ ሲተረጐም ይህ እንዳይዘነጋ። ጋብቻው በመዝገብ ይግባ። ሁለት ቤት ያለው ሰው በየቤቱ ያፈራውን ሀብትና በየቤቱ የደከመችውን ሴት ለይቶ በኑዛዜው ይጻፍ፤ ከራሱ እኩሌታም ልጆቹን ሳይነቅል ለሚስቱ ማደሪያዋን ይተውላት። ሽማግሌዎች የጥንቱን የዐይን ጥበቃ በአዲሱ ሀብት ላይ ይዘርጉት፤ ይኸውም ጋብቻ ሲባርኩ ተመዝግቧልን፥ ቤት ሲመርቁ በማን ስም ነው ብለው ይጠይቁ፤ ሊናዘዝ ለሚፈልግም ምስክር ይሁኑ። የዳኝነቱ፥ የመዝገቡና የመሬቱ ጽሕፈት ቤቶችም ሥራቸውን በከተማ አጥር ውስጥ ሳይወስኑ፥ በዲመካም በኦሞራቴም የገበያ ቀን ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ያስረዱ። ሕግ አውጪዎቹም ከአንድ በላይ ባገቡት ቤተሰቦች የንብረት ድርሻ ላይ ዝም ማለትን ትተው የተገለጠ ቃል ይናገሩ።

ከብት በጠፋ ጊዜ ፍለጋ የሚወጣው መንደሩ ሁሉ ነው። ካርታና ደብተር በጠፋ ጊዜ ግን መበለቲቱ ለብቻዋ ትቀራለች። የደቡብ ኦሞ ሰው የጥንቱን መተሳሰብ ወደዚህ ወደ አዲሱ ሀብት ሊያሻግረው ከወደደ፥ መጀመሪያው ርምጃ አራት ምስክር ጠርቶ አንድ ወረቀት መጻፍ ነው፤ ይህንንም ዛሬ በጤናው ሳለ ያደርገው ዘንድ እናሳስባለን።